«የሰው ሕይወት አልፏል» ሲባል ማን አሳለፈው?

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የምማረው ባሕር ዳር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ መንግሥታት ሠራዊታቸው ሰልፈኛ ላይ ከተኮሰ በኋላ የሚያወጧቸውን መግለጫዎች እየሰበሰብኩ ነው። ግራ ያጋባኝ መመሳሰላቸው ነው። ቻይና፣ ግብፅ፣ ካዛክስታን፣ የእኛም አገር፤ ዘመኑና ቋንቋው ይለያይ እንጂ መግለጫውን አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ከአንድ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የወጡት? ደግሞስ መንግሥት የእውነት ሁከት ሲገጥመውና ሰበብ ሲፈልግ በምን ይለያል? አማካሪዬ ‹ሁለቱን ካልለየሽ ጽሑፉ ክስ እንጂ ጥናት አይሆንም› ብለውኛል።»

መልስ፦

አማካሪሽ ልክ ናቸው፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልመልስ አልለቅሽም። መጀመሪያ ግን ከአንድ ግሥ እንነሣ።

የንግግር ትንተና ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በአንድ የዜና ክፍል ተርጓሚ ነበርኩ። ከውጭ የሚመጣውን ዜና ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ሩቅ አገር «ፖሊስ ተኩሶ ሰልፈኞችን ገደለ» ብዬ አስገባሁ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ «በተፈጠረው ሁከት የሰው ሕይወት አልፏል» ሆኗል። አርታኢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብረን ሻይ የምንጠጣ ወዳጆች ነን። «ምነው?» ብለው፣ «ሞተዋል አይደል እንዴ? ታዲያ ሕይወታቸው አላለፈም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አልፏላ!

ሰው ስለዚህ ዓይነት መግለጫ ሲያወራ «ውሸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ውሸትም አይጠፋበትም፤ ግን ውሸቱ ደካማ ጎኑ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይጋለጣል። ጉልበቱ ያለው ውሸት ባልሆነው ቦታ ላይ ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። «ገደሉ» ካልሽ «እነሱ» እዚያው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ልትደብቂያቸው ብትፈልጊ እንኳ ግሡ አሳልፎ ይሰጥሻል። ስለዚህ ባለቤቱን ለመሰወር ግሡ ራሱ መለወጥ አለበት። «አለፈ»፣ «ጠፋ»፣ «ጉዳት ደረሰ»፣ «እርምጃ ተወሰደ»። ሕይወት በገዛ እጇ ተነሥታ ሄደች፤ ጉዳት በእግሩ መጥቶ ደረሰ። የሰበሰብሻቸውን መግለጫዎች አውጥተሽ የእያንዳንዱን ሞት ግሥ ብቻ ብታሰምሪ የጽሑፍሽ አንድ ምዕራፍ በራሱ ይወጣል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። ጣና ዳር ስለምትኖሪ በታንኳ ልመልስልሽ። ወይጦዎች ከደንገል አስረው የሚሠሩትን ታንኳ ታውቂዋለሽ። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ደግሞ አይማራ የሚባሉ ሕዝቦች ከእንዲያው ዓይነት የሐይቅ ሣር የሚያስሩት ጀልባ አለ፤ ፎቶውን ብታዪው ዘጌ አካባቢ የተነሣ ይመስልሻል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በሣር ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስጫነው ከዚሁ ከእኛው ጣና ነበር። የጥንት ሰዎች በውቅያኖስ ላይ ተገናኝተው ጥበቡን ተቀባብለው ይሆናል ባይ ነበር። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም፤ ሣር ውኃ ላይ መንሳፈፍ ካለበት ማን አስተማረውም አላስተማረው መልኩ ተቀራራቢ ይሆናል ነው መልሳቸው።

የመግለጫውም ነገር ይኸው ነው። የሚፈታው ችግር አንድ ስለሆነ ቅርጹም አንድ ይሆናል። ችግሩ ምንድን ነው ካልሽ፣ ከሕዝብ የወጣ ወታደር በሕዝብ ላይ እንዲተኩስ፣ የሚያየውም ሰው «ይገባቸዋል» ወይም ቢያንስ «ምን አገባኝ» እንዲል ማድረግ ነው። ይህ ሲባል መቀዳዳት የለም ማለት አይደለም። ቤጂንግ ውስጥ በቲየናንመን አደባባይ ሰልፈኞች ላይ በተተኮሰ በአራተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1989፣ የምሥራቅ ጀርመን ፓርላማ ለቻይና መንግሥት ድጋፉን ገለጸ፤ የአገሩ ሰው ያን ጊዜ ለእሱ የተላከ መልእክት አድርጎ ነው የሰማው። የሊቢያው ጋዳፊም እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2011 በቴሌቪዥን ቀርቦ ሲዝት የቲየናንመንን ስም ጠርቶ እንደ ምሳሌ አቅርቦታል። እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ መግለጫው ለሰልፈኛው ወይም ለውጭ መንግሥታት የተጻፈ ይመስላቸዋል። ለውጭው የሚጻፈው አጭርና አሰልቺ ነው፤ «የውስጥ ጉዳያችን ነው» ይልና ያበቃል። ለሰልፈኛውማ ጥይቱ ደርሶታል፣ ምን ይጻፍለት? የመግለጫው የመጀመሪያ አድማጭ ወታደሩ ነው። ወታደር እህት አለው፤ እህቱ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እንዲተኩስ የታዘዘባት ልጅ እህቱን መምሰሏን መተው አለባት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1989 የቻይናው 38ኛ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ሹ ቺንሺየን ጦሩን ይዞ ቤጂንግ እንዲገባ ሲታዘዝ እምቢ አለ፤ ለፍርድ ቀርቦ አምስት ዓመት ታሰረ። ሠራዊቱ በሌላ አዛዥ እየተመራ ገባ። መንግሥት የሚፈራው አንድ ሹን አይደለም፤ ሹ ተራ ወታደር ውስጥ እንዳይፈለፈል ነው የሚፈራው። ቃሉ የሚዘጋጀው ለዚያ ነው።

ቃሉ ሳይሠራ የቀረበትን ቀንም ማየት አለብሽ፤ አለበለዚያ ጥናትሽ ቃልን አስማት ያደርገዋል። በዚያው በ1989 እ.ኤ.አ. ላይፕሲግ በተባለችው የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ሕዝቡ ሰኞ ሰኞ ይሰለፍ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በእነሱ ጥቅምት 6፣ የከተማዋ ጋዜጣ የአንድ የታጣቂ ሠራተኞች ክፍል አዛዥ ደብዳቤ አወጣ፤ አስፈላጊ ከሆነ መሣሪያ ይዘን ሶሻሊዝምን እንከላከላለን የሚል። የመንግሥት አፍ ሰልፈኛውን «ዱርዬ» ሲለው ከርሟል። ከሦስት ቀን በኋላ ሰኞ ማታ 70,000 የሚሆን ሰው ወጣ። «ዱርዬዎች አይደለንም» እያለ ነበር የሚጮኸው፤ ከዚያ «ሕዝቡ እኛ ነን» አለ። በዚያው ምሽት የከተማዋ ኦርኬስትራ መሪ ኩርት ማሱርና ሦስት የፓርቲ ጸሐፊዎች ያሉበት የስድስት ሰዎች የሰላም ጥሪ በየመንገዱ ድምፅ ማጉያ ተነበበ። ጥይት አልተተኮሰም። ሕዝቡ ለተሰጠው ስም ሌላ ስም መለሰ፤ ከባለሥልጣናቱም መካከል ያንን ስም ላለመጠቀም የቆረጠ ተገኘ። ሁለቱ በአንድ ምሽት ባይገጥሙ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን እኔ ዋና የምለው ነገር ላይ ደርሰናል። መግለጫ ሰብሳቢ ሆነሽ «ከተኮሰ በኋላ የወጣ» ብለሽ ከጀመርሽ ዘግይተሻል። ስሙ ከጥይቱ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ ይዘሽ ወደ ኋላ ሂጂ።

ቻይናን ተመልከቺ፣ ቀኖቹ እንደ እነሱ አቆጣጠር ናቸው። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 የተወደደው የቀድሞ የፓርቲ መሪ ሁ ያዎባንግ ሞተ፤ ተማሪዎች ለለቅሶ ወጡ። ሚያዝያ 26 የፓርቲው ልሳን የሆነው «የሕዝብ ዕለታዊ» ርዕሰ አንቀጽ ወጣ፤ ነገሩን «ዶንግሉዋን» አለው። በአማርኛ «ሁከት» ብንለው ልኩን አይሰጠንም፤ የቻይና ሰው ያንን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው የባህል አብዮት የሚባለው የመከራ ዘመን ነው። እኛ ጋ አንድ ባለሥልጣን የተማሪ ለቅሶን «የዘመነ መሳፍንት ጅማሬ» ቢለው እንደማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ተማሪው የሚጠይቀው ተለወጠ፤ ስለ ነፃነት መጮኹን ሳይተው «ርዕሰ አንቀጹን አንሡልን» ማለት ጀመረ። ስሙ ከተነሣ ጥይት እንደማይመጣ ገብቷቸዋል። አልተነሣም። ግንቦት 20 የወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ፤ ከሰኔ 3 ለ4 አጥቢያ ተተኮሰ። ከርዕሰ አንቀጹ እስከ ተኩሱ 39 ቀን ነው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተኩሱ በኋላ «ሁከት» አነሰና «ባኦሉዋን» ሆነ፤ የጦር መሣሪያ ያለበት ዓመፅ እንደማለት። የሞተው ሲበዛ ስሙም መክበድ ነበረበት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ እንዲረሳ ሲፈለግ «ፌንግቦ» አሉት፤ ቃል በቃል ነፋስና ማዕበል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ እንደሚነሣውና ታንኳ ነጂው ጠብቆ እንደሚያሳልፈው። አንድ ድርጊት ሦስት ስም አገኘ፤ የሆነው ነገር ግን ያው የሆነው ነው። ሃንጋሪዎችም ከሠላሳ ዓመት በላይ እ.ኤ.አ. የ1956ቱን ሕዝባዊ ዓመፅ በግዳቸው «ጸረ-አብዮት» ሲሉት ኖረው፣ በጥር 1989 ኢምሬ ፖዝጋይ የተባለው የገዛ ገዥው ፓርቲ ባለሥልጣን በራዲዮ «የሕዝብ መነሣሣት» ብሎ ሲጠራው አገዛዙ ተናጋ። በቃል የቆመ ነገር ቃሉ ሲወልቅ እንዲህ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘዴ «ጥቂቶች» እና «የተታለሉ» የሚሉት ጥንድ ቃላት ናቸው። እኔ በግሌ ከሁሉም ይህን ነው የምጠላው፤ ርኅራኄ ስለሚመስል። እ.ኤ.አ. በ1905 ጥር ወር የሩሲያ ሠራተኞች ለንጉሣቸው አቤቱታ ይዘው የንጉሡንም ሥዕል ተሸክመው ሲሄዱ ተተኮሰባቸው። ከአሥር ቀን በኋላ ኒኮላስ ዳግማዊ ተመርጠው የቀረቡ ሠራተኞችን ቤተ መንግሥቱ ተቀበለና ሁለት ነገር ነገራቸው። አንደኛ፣ የአገር ጠላቶችና ከዳተኞች አታለዋችኋል። ሁለተኛ፣ ጥፋታችሁን ይቅር ብያለሁ። ተመልከቺው እስቲ፤ የተኮሰው ይቅር ባይ፣ የተተኮሰበት ይቅር የተባለ!

«የዋህ ወጣቶች በጥፋት ኃይሎች ተታለው» የሚለውን አማርኛ ስታነቢ ይህ የንጉሡ ሳሎን ይታወስሽ። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። የሟቹ እናት በመንግሥት ላይ እንዳትነሣ ልጇን ንጹሕ ያደርግላታል፤ ያው ልጅ ግን የራሱ ጥያቄ እንዳልነበረው ይነግራታል። የተታለለ ሰው ጥያቄ የለውም፣ አታላይ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄውን የሚመልስም አይኖርም ማለት ነው። ደግሞ ሂሳቡን ሥሪው፤ ጥቂቶች ከሆኑ ለምን ታንክ?

ይህን ሂሳብ የሚያውቁ መሪዎች አንዳንዴ ተቃራኒውን መንገድ ይሄዳሉ፤ ቁጥሩን ይቆልሉታል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የካዛክስታኑ ፕሬዚዳንት ቶካየቭ አልማቲ ከተማን 20,000 ሽፍቶች ወረሯት ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲተኮስ ማዘዙን በቴሌቪዥን ተናገረ። ካዛክስታንን ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም የረቀቀው ግን ግብፅ ላይ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2013 የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አልሲሲ ሕዝቡ በመጪው ዓርብ አደባባይ ወጥቶ «ሁከትንና ሽብርን» እንዲጋፈጥ ውክልና እንዲሰጠው ጠየቀ። ቃሉ «ተፍዊድ» ነው፤ እኛ ውልና ማስረጃ ሄደን የምንሰጠው ዓይነት ውክልና። ብዙ ሰው ወጣ። ነሐሴ 14 ቀን ካይሮ ውስጥ ራቢዓ አደባባይ ላይ የተቀመጡት ተቃዋሚዎች በኃይል ተበተኑ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ ቀን እዚያ አደባባይ ብቻ ቢያንስ 817 ሰው መገደሉን መዝግቧል። ዓርብ ዕለት ባንዲራ ይዞ የወጣው ሰው «ይህንን አላልኩም» ቢል ማን ይሰማዋል? ፈርሟል። ተመልካችን ዝም ማሰኘት አንድ ነገር ነው፤ ተመልካችን ተባባሪ ማድረግ ግን ለዓመታት አፉን ይዘጋዋል።

ወደ አገራችን ልምጣ፤ ጥያቄሽ ላይ «የእኛም አገር» ብለሽ አልፈሽዋል፣ እኔ ግን አላልፈውም።

ደርግ የመጣው «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» እያለ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ወርውሮ ሰበረ። የዘመኑ ቃል «አብዮታዊ እርምጃ» ነው። እርምጃ! ሰው እግሩን አንሥቶ ወደፊት ሲያስቀምጥ የሚሠራው ነገር። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን ሐረግ በሬዲዮ ሲሰማ ያደገ ሰው እስከ ዛሬ «እርምጃ» የሚለውን ቃል በሰላም አይሰማውም። ቃሉ ከደርግ ጋር አልወደቀም፤ ቅጽሉን ብቻ ለወጠ። «አብዮታዊ» ተነሥቶ «ሕጋዊ»፣ «ተመጣጣኝ»፣ «የማያዳግም» ገባበት። «የማያዳግም» የሚለውን ቆም ብለሽ አስቢው፤ የማይደገመው ማን ነው፣ እርምጃው ወይስ ሰውዬው?

ላይፕሲግ «ዱርዬ» ያለችውን እኛ በአዋጅ አወጣነው። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ወጣት ሲታፈስ ይህ ስም ዝግጁ ሆኖ ጠብቋል፤ ቀን መቁጠሪያውን ያዢ፣ እዚህም ስሙ ቀድሟል። በዚያ ግርግር ስለሞቱት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ክርክሩ በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በአንድ ሐረግ ላይ ነበር። ፓርላማ የቀረበው ሪፖርት መንግሥት ከመጠን ያለፈ ኃይል አልተጠቀመም አለ፤ ከአገር የወጡት የኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው ግን አባላቱ ቀደም ሲል 8 ለ2 በሆነ ድምፅ ከመጠን ያለፈ ኃይል ተወስዷል ብለው ወስነው ነበር አሉ። ሬሳው ተቆጥሮ፣ በሬሳው ቁጥርም ተስማምቶ፣ «ከመጠን ያለፈ» በሚሉ ቃላት መለያየት ይቻላል። ጽሑፍሽ ውስጥ ለዚህ ቦታ ስጪው።

ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ውስጥ በሰልፈኛ ላይ ተተኮሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ዘግቧል። የሰሞኑ የመንግሥት ቋንቋ «ሕገ-ወጥ ሰልፍ»፣ «ጸረ-ሰላም ኃይሎች»፣ «የውጭ ጠላቶች» ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በመስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ እዚህ አልጽፍም፤ አንቺም የዚህ ከተማ ሰው ከሆንሽ ምክንያቱን አትጠይቂኝም። ከ2015 ወዲህ ያለውን ደግሞ ለጊዜው ከጽሑፍሽ ብታወጪው እመክራለሁ። ሐቁ ስለሚያንስ አይደለም፤ ውስጡ ቁጭ ብለን ስለሆነ የምናወራው ርቀት የለንም። ርቀት የሌለው ትንተና ደግሞ ሳያስበው የአንዱን ወገን መዝገበ ቃላት ይቀዳል።

ቃሉ እንዴት እንደሚለጠፍና እንደሚነሣ ለማየት ግን «አሸባሪ» የሚለውን ብቻ ተከተይ። በ2003 ፓርላማ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን አሸባሪ አላቸው። ሰኔ 11 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ፓርላማ ቆመው እስረኛ ማሠቃየትና ጨለማ ቤት መዝጋት የእኛው የመንግሥት አሸባሪነት ነው አሉ፤ በዚያው ወር ሦስቱም ከዝርዝሩ ወጡ። በሚያዝያ 2013 ሕወሓት በዝርዝሩ ገባ፤ በመጋቢት 2015 ወጣ። ማን ምን ሠርቶ ነበር የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዪው። ስሙ በምክር ቤት እጅ ማውጣት የሚለጠፍና የሚነሣ ከሆነ የሚነግርሽ ስለ ተሰየመው ብቻ አይደለም፣ ስለ ዕለቱ የፖለቲካ ሁኔታም ነው።

አንድ የእኛ ብቻ የሚመስለኝ ቃል ላክልበት፤ «ሆደ ሰፊነት»። «መንግሥት እስካሁን በሆደ ሰፊነት ታግሷል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስትሰሚ ሰዓትሽን ተመልከቺ። አባት ነው የሚናገረው፤ ልጅ አስቸግሮታል፣ አለንጋው ግድግዳ ላይ ነው። ዜግነት ጠፍቶ ልጅነት ይቀራል። ትዕግሥት ደግሞ በተፈጥሮው የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሲያልቅ ጥፋቱ ያስጨረሰው ሰው ይሆናል። ሕግ ግን አይታገሥም፣ ሆድም የለውም፤ ሕግ ያዛል ወይም ይከለክላል። መንግሥት ከሕግ ወደ ትዕግሥት ቋንቋ ሲሻገር የሆነ ነገር እየመጣ ነው።

ስለ እንስሳትና አረም ጥቂት ብዬ ልለፍ፤ በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏልና ታገኚዋለሽ። ጋዳፊ ተቃዋሚዎቹን «አይጦች» አላቸው፤ የሚያሰክር ክኒን ተሰጥቷቸዋልም አለ። የሶርያው በሽር አል-አሳድ በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ሴራን ከጀርም ጋር አመሳሰለው። እኛም በ2013 በሰሜኑ ጦርነት «አረም» እና «ነቀርሳ» ከከፍተኛ ሥልጣን ሲነገር ሰምተናል። የጣና ዳር ሰው ግን ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ እምቦጭ ነቅሏል። እምቦጭ አይከሰስም፣ ምስክር አይቆጠርበትም፣ «አንተኛው ጥፋተኛ፣ አንተኛው ነፃ» አይባልም። ይነቀላል፣ ዳር ላይ ይከመራል፣ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ስም ግሡን ይዞ ይመጣል ማለት ይህ ነው፤ «አረም» ብለሽ ካስገባሽ «ንቀል» የሚለውን መናገር አያስፈልግሽም፣ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ይህ ቋንቋ የመንግሥት ብቻ ንብረት አይደለም፤ ተቃዋሚውም «ባንዳ» ብሎ ሲጀምር ያው ማሽን ነው የሚነሣው። ይህን ሳትጽፊ እንዳትቀሪ፤ ከቀረሽ ጽሑፍሽ አማካሪሽ «ክስ» ያሉት ይሆናል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። እውነተኛ ሁከት አለ፤ የለም ማለት ሐሰት ነው። አልማቲ ላይ በጥር 2022 የከተማው አስተዳደር ሕንፃ ተቃጥሏል፣ አየር ማረፊያው ለጥቂት ጊዜ ተይዟል። ስለዚህ «መንግሥት ሁከት አለ ካለ ውሸት ነው» የሚል ጥናት አትጻፊ። የምትጠይቂው ሌላ ነው፤ ቃሉ የሆነውን ነገር ለመግለጽ ነው የተለካው ወይስ ሊደረግ የታሰበውን ለመፍቀድ? 20,000 ሽፍታ ከተማ ወረረ ሲባል ቁጥሩን የሚያህል እስረኛ፣ ክስ፣ ፍርድ ይኖራል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። መጨረሻ ላይ የአገሩ ባለሥልጣናት ያመኑት 238 ሟች ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ መንገድ ሲያቋርጡ የተመቱ ሰዎችና ሕፃናት ነበሩበት። የተቃጠለው ሕንፃ እውነት ነው፤ «ያለ ማስጠንቀቂያ ተኩስ» የሚለው ትእዛዝ ግን ከሕንፃው ጋር አልተመጠነም፣ ከ20,000ው ጋር እንጂ። ቁጥሩ የተፈለገው ለዚያ ነው።

እኔ ራሴ መግለጫ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ዝርዝሩን ነው። እውነተኛ ሁከት የገጠመው መንግሥት ዝርዝር አለው፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ማን፣ በምን። ሰበብ ፈላጊ መግለጫ «አንዳንድ»፣ «የተለያዩ»፣ «ከጀርባ ያሉ» ይላል። ከዝርዝሩ ቀጥሎ የሟች ግሦችን አወዳድራለሁ፤ ይህ እስካሁን አሳስቶኝ አያውቅም። በአንድ መግለጫ ውስጥ ፖሊሱ «በግፍ ተገደለ» ተብሎ፣ ሰልፈኛው «ሕይወቱ አለፈ» ከተባለ፣ ጸሐፊው «ገደለ» የሚለውን ግሥ ያውቀዋል ማለት ነው። ሲፈልግ ያወጣዋል። ሌላው የሚታየው በሩ ነው፤ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ጋዜጠኛ ተከልክሎ፣ ሆስፒታል ተጠብቆ «ሁሉም ሰላም ነው» ከተባለ ሰላሙን ለማሳየት ምን ከለከለ? የመጨረሻው ዓመት የሚፈልግ መለኪያ ነው፤ ስሙ የተለጠፈበት ሰው ፍርድ ቤት ነፃ ሲለው መንግሥት ስሙን ያነሣለታል? የሚያነሣ መንግሥት ሲሳሳትም ስሕተቱ የሕግ ስሕተት ነው።

ቃል ገልብጦ የሚመታበትንም አንድ ምሳሌ ጨምሪበት፣ ላይፕሲግ ብቻዋን እንዳትቀር። ባንግላዴሽ ውስጥ «ራዛካር» ማለት እ.ኤ.አ. በ1971 የነፃነት ጦርነት ከፓኪስታን ጋር ያበረ ከሃዲ ነው፤ እኛ ባንዳ እንደምንለው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሼክ ሐሲና የሥራ ኮታን ለሚቃወሙ ተማሪዎች ይህን ቃል የሚያሸት ንግግር አደረጉ። በዚያችው ሌሊት ተማሪው ከዶርሙ ወጥቶ «አንተ ማን ነህ? እኔ ማን ነኝ? ራዛካር፣ ራዛካር!» እያለ ይዘምር ጀመር። ቃሉን ለበሱት፤ የለበሱት ቃል ደግሞ አያስፈራም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በዚያ ጭፍጨፋ እስከ 1,400 ሰው ተገድሎ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ሐሲና ነሐሴ 5 ቀን ሥልጣን ለቀው ከአገር ወጡ። ስድቡ ብቻውን አልጣላቸውም፤ ሠራዊቱም በመጨረሻው ሰዓት ሕዝብ ላይ አልተኩስም ብሎ ነበር። የመጀመሪያው አድማጭ አልሰማም አለ ማለት ነው።

ለሥራሽ የምመክረው አንድ ነገር ነው። አገር አታብዢ፤ ሁለት በቂ ነው። አንዱ የእኛ ይሁንና የድሮ «አዲስ ዘመን» ጥራዞች የምታገኚበትን ፈልገሽ ከየካቲት 1966 እስከ ኅዳር 1967 ያለውን ቀን በቀን አንብቢ። «ያለምንም ደም» የሚለው ሐረግ በየትኛው ሳምንት መሳሳት እንደጀመረ፣ በቦታው ምን እንደገባ ጻፊ። ዐሥር ወር አይሞላም፣ ግን ዓይንሽ እያየ ቃል ሲገለበጥ ታገኚዋለሽ። ረቂቁ ሲደርስ ላኪልኝ፤ ግሦቹን ብቻ በቀይ አስምረሽ። የዜና ክፍሉ ያስለመደኝ ነውና ዓይኔ መጀመሪያ ቀዩን ነው የሚያየው።